ባሕር ያቆየው ጽሑፍ፣ አንደበት የለወጠው ስም
የአንቲኪቴራ መርከብ እና የግሪክኛ ድምፆች ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ1900 ከሲሚ ደሴት የተነሡ የግሪክ ሰፍነግ ለቃሚዎች በፔሎፖኔዝና በቀርጤስ መካከል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ደሴት ዳርቻ ከማዕበል ተጠልለው ነበር። ነፋሱ ጋብ ሲል ከመካከላቸው አንዱ የመዳብ ራስ ቁር ያለውን ከባድ የጠላቂ ልብስ ለብሶ 45 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረደ። ብዙም ሳይቆይ «ወደ ላይ ሳቡኝ» የሚል ምልክት ሰጠ። ራስ ቁሩ ሲወልቅለት በባሕሩ ወለል ላይ የሰውና የፈረስ ሬሳ ተከምሮ ማየቱን በድንጋጤ ተናገረ ይባላል። የጀልባዋ አለቃ ነገሩን ለማጣራት ራሱ ጠለቀ፤ ሲመለስ በእጁ የያዘው ከነሐስ የተሠራ የሰው ክንድ ነበር። ሬሳ የመሰለው ነገር ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በውኃ ውስጥ የኖረ የሐውልት ክምር ሆኖ ተገኘ።

ጠላቂው ስታዲያቲስ፣ አለቃው ደግሞ ኮንዶስ የሚባል የቤተሰብ ስም ነበራቸው። የመጠሪያ ስማቸውን በግሪክ ፊደል ተጽፎ ያየ፣ የግእዝ መጻሕፍትንም ልማድ የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ «ኤልያስ» እና «ዲሜጥሮስ» ብሎ ሊያነባቸው ይችላል። ጓደኞቻቸው ግን በዚያች ጀልባ ላይ የጠሯቸው «ኢሊያስ» እና «ዲሚትሪዮስ» ብለው ነው። ፊደሉ ያው ነው፤ በሁለቱም ስሞች ውስጥ «ኤታ» የተባለችው ፊደል አለች። ድምፁ ግን ተለያየ። ይህ ልዩነት የአንዱ ወገን ስሕተት አይደለም፤ በሁለት የተለያዩ ዘመናት የተሰማ የአንድ ቋንቋ ድምፅ ነው። ከዚያች ደሴት ዳርቻ የወጣው ሀብትም ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ያስነሣል፦ ጥንታዊ ጽሑፍ ሳይጠፋ ሲገኝ፣ አብሮት የነበረውን ድምፅ ከወዴት ማግኘት ይቻላል?

ከሐውልቶቹ የበለጠ ሀብት

የግሪክ መንግሥት የባሕር ኃይል መርከብ መድቦ፣ ጠላቂዎቹ ከ1900 መገባደጃ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ውስጥ የነሐስና የእብነ በረድ ሐውልቶችን፣ የመስታወት ዕቃዎችንና የሸክላ እንስራዎችን አወጡ። ዋጋው ከባድ ነበር። ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት በመውጣት የሚመጣው ሕመም በዚያን ጊዜ በቅጡ የታወቀ ስላልነበረ አንድ ጠላቂ ሞተ፤ ሁለት ደግሞ ሽባ ሆኑ። ዛሬ በአቴና ብሔራዊ የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ የሚታየው የነሐስ ጎልማሳ ሐውልት በእነዚህ ሰዎች ድካም የተገኘ ነው።

በ1902 ቫሌሪዮስ ስታይስ የተባሉ የአርኪኦሎጂ ሊቅ ከወጡት ቁርጥራጮች መካከል በአንዱ ዝገት ውስጥ የተጠመደ ጥርስ ያለው መዘውር አስተዋሉ። ይህ ከጊዜ በኋላ «የአንቲኪቴራ መሣሪያ» ተብሎ በዓለም የታወቀው የሰማይ አካላት ማስያ ነው። በእጃችን ያለው 82 ቁርጥራጭ ሲሆን፣ 30 ጥርሳም መዘውሮች ከነቅሪታቸው ተቈጥረዋል። መሣሪያው የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ፣ የጨረቃን መልክ፣ ግርዶሽ የሚጠበቅባቸውን ወራት እያሳየ ይዞር ነበር።

መርከቡ መቼ እንደሰጠመ ለማወቅ ትልቅ ፍንጭ የሰጠው ገንዘብ ነው። በ1976 ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ ከቡድናቸው ጋር በስፍራው ሲጠልቁ በጴርጋሞንና በኤፌሶን የተቀረጹ ሳንቲሞች ተገኙ። በእነዚህ መነሻነት ሊቃውንት መርከቡ የሰጠመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 እና በ60 መካከል ገደማ እንደሆነ ይገምታሉ። ሮም ከምሥራቁ የግሪክ ዓለም ሐውልትና ጌጥ እያስጫነች ወደ ጣልያን የምታስመጣበት ዘመን ነበር። በ67 አካባቢ ታላቁ የሮም ተናጋሪ ሲሴሮ ራሱ ለቤቱ የግሪክ ሐውልቶችን እንዲገዛለት በአቴና ለሚኖረው ወዳጁ ለአቲኩስ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት

መሣሪያው የተሸፈነው በጽሑፍ ነው። በ2005 ስምንት ቶን ያህል የሚመዝን ልዩ የራጅ መሣሪያ ወደ አቴናው ሙዚየም ተወስዶ ቁርጥራጮቹ ንብርብር በንብርብር ሲነሡ፣ በዝገት ውስጥ ተቀብረው የነበሩ፣ አንዳንዶቹ ቁመታቸው ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፊደላት መነበብ ጀመሩ። በ2008 የወጣው ጥናት መሣሪያው የተጠቀመባቸው የወር ስሞች በቆሮንቶስና በቅኝ ግዛቶቿ ይሠራባቸው ከነበሩት ወገን መሆናቸውን አሳየ። አንዲት ትንሽ ክብ ሰሌዳ ደግሞ እንደ ኦሊምፒያና ኔሜያ ያሉ የአትሌቲክስ ውድድሮች የሚውሉበትን ዓመት ታመለክታለች።

ከወሮቹ አንዱን እንውሰድ። በግሪክ ፊደል የተጻፈውን ስም ዛሬ በአቴና ጎዳና ያለ ሰው «ፊኒኬኦስ» ብሎ ያነበዋል። የመሣሪያው ጌታ ግን ወደ «ፖይኒካዮስ» በቀረበ ድምፅ ሳያነበው አልቀረም፤ ያውም የመጀመሪያዋን «ፖ» ትንፋሽ አክሎባት። በአንዲት ቃል ውስጥ አራት ለውጥ አለ። ትንፋሽ ያላት «ፕ» ወደ «ፍ» ዞረች፤ «ኦይ» የተባለው ጥምር አናባቢ ወደ «ኢ» ጠበበ፤ «አይ» የነበረው «ኤ» ሆነ፤ ረጅምና አጭር አናባቢ የሚለይበት ልማድም ጠፋ።

የደሴቷ ስምም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ «ከኪቴራ ትይዩ ያለች» ማለት ሲሆን፣ ኪቴራ ከጥንት ጀምሮ በዚሁ ስም የታወቀች ትልቋ ጎረቤቷ ናት። በጥንቱ አነጋገር የኪቴራ የመጀመሪያ አናባቢ ከንፈር አሹሎ «ኢ» እንደማለት ያለ፣ ፈረንሳይኛ እስከ ዛሬ የያዘው ድምፅ ነበር፤ ሁለተኛው አናባቢ ደግሞ ረጅም «ኤ» ነበር። ዛሬ ሁለቱም ተራ «ኢ» ሆነዋል። በመካከላቸው ያለችው «ቴታ» ቀድሞ ትንፋሽ ያላት «ት» ነበረች፤ አሁን ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚባል፣ በአማርኛ ፊደል የሌለ ድምፅ ሆናለች። በአማርኛ ዘገባዎች ስሙ አንዴ «አንቲኪቴራ»፣ ሌላ ጊዜ «አንቲኪቲራ» ሆኖ መጻፉ ከዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያው ወደ ጥንቱ፣ ሁለተኛው ወደ ዛሬው ግሪክኛ ያዘነብላል።

የጠፋ ድምፅ እንዴት ይታወቃል?

ድምፅን የሚቀዳ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ሰዎች እንዴት እንደተናገሩ ማወቅ የማይቻል ይመስላል። ሆኖም ማስረጃ አለ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ የጸሐፊ ስሕተት ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱ «ሰላም»፣ ሌላው «ሠላም» ብሎ ይጽፋል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ጎን ለጎን ይታያሉ። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የእኛን ደብዳቤዎች የሚመረምር ሊቅ እነዚህ ፊደላት በአፋችን አንድ እንደነበሩ ያለ ብዙ ድካም ይደርስበታል። በግእዝ ግን በጥንት ዘመን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። የግሪክኛም ታሪክ ይኸው ነው። በግብፅ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተጠብቀው በተገኙ የፓፒረስ ደብዳቤዎች፣ የግብር ደረሰኞችና የውል ሰነዶች ላይ ተራ ሰዎች ፊደል ያሳስቱ ነበር። «ኤይ» በሚጻፍበት ቦታ «ኢ» የጻፉት ገና ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። «አይ» እና «ኤ» ደግሞ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰፊው ተቀላቅለው ይታያሉ። እያንዳንዱ ስሕተት የአንድን ድምፅ ለውጥ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ሁለተኛው ምስክር የጎረቤት ቋንቋ ነው። ሮማውያን የግሪኩን «ፊ» የተባለ ፊደል በጥንት ጊዜ በራሳቸው «ኤፍ» አልጻፉትም፤ «ፒ» እና «ኤች» አጣምረው ጻፉት እንጂ። የሮሙ መምህር ኲንቲሊያን እንደሚተርከው፣ ሲሴሮ ፉንዳኒዩስ የሚለውን የሮማውያን ስም የመጀመሪያ ፊደል መጥራት ባቃተው አንድ ግሪካዊ ምስክር ላይ ተሳልቋል። ይህ ሰው «ፍ» የምትባል ድምፅ በቋንቋው ቢኖር ኖሮ አይቸገርም ነበር። ሲሴሮ የኖረው መርከቡ በሰጠመበት ዘመን ስለሆነ፣ በዚያ መርከብ ላይ የነበሩ ግሪኮችም በቋንቋቸው «ፍ» የሚል ድምፅ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ምስክር ደግሞ በግ ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው የአቴናው የኮሜዲ ደራሲ ክራቲኖስ የበግን ጩኸት በሁለት ፊደላት ጽፎታል፤ በ«ቤታ» እና በ«ኤታ»። ዛሬ ባለው የግሪክኛ ንባብ ጩኸቱ «ቪ» ይሆናል። በዓለም ላይ «ቪ» የሚል በግ የለም። ጥንት «ቤታ» «ብ»፣ «ኤታ» ደግሞ ረጅም «ኤ» ከነበሩ ግን በጉ የሚለው «ቤ» ነው፤ እንዲህ ያለውን ጩኸት ደግሞ ማንኛውም የበግ እረኛ ያውቀዋል።

ግእዝ የሰማው ግሪክኛ

በዚህ ምርመራ ውስጥ ግእዝ የራሱ ስፍራ አለው። ግሪክኛ ወደ አክሱም የገባው በዋናነት በባሕር ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ በዚያ አካባቢ የነገሠው ዞስካሌስ የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው እንደነበር ይመሰክራል። የአክሱም ነገሥታት ስማቸውን በግሪክ ፊደል በሳንቲም ላይ አስቀርጸዋል። በ1990ዎቹ በኤርትራ ባሕር፣ በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ በብላክ አሳርካ ደሴት አጠገብ የተጠናው የሰጠመ መርከብም በዛሬዋ ዓቃባ የተሠሩ እንስራዎችን የጫነ ነበር። ተመሳሳይ እንስራዎች በአክሱምና በአዱሊስ ተገኝተዋል። በእነዚህ መርከቦች ወይንና ዘይት ብቻ ሳይሆን ቃላትና ስሞችም ተጭነው መጥተዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ከጽርዕ ማለትም ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት እጅግ ጠንቃቃ ጆሮ ነበራቸው። «ጢሞቴዎስ» የሚለውን ስም ልብ ይሏል። በግሪኩ ስም ውስጥ ሁለት «ት» መሰል ድምፆች አሉ፤ አንዷ ትንፋሽ የሌላት፣ ሌላዋ «ቴታ» ናት። ተርጓሚዎቹ የመጀመሪያዋን በ«ጠ»፣ ሁለተኛዋን በ«ተ» ለዩ። «ቆሮንቶስ» በ«ቀ» ይጀምራል፤ ውስጡ ያለችው «ቴታ» ግን በ«ተ» ተጻፈች። «ፊልጶስ» ውስጥ «ፈ» እና «ጰ» በየቦታቸው ተቀምጠዋል። በግእዝ ውስጥ በአብዛኛው ለባዕድ ቃላት የሚያገለግሉት «ጰ» እና «ፐ»ም የዚሁ ጥንቃቄ ምልክቶች ናቸው። ልማዱ ያለ ልዩነት አልነበረም፤ «ክርስቶስ» በሚለው ስም ትንፋሽ የሌላት «ት» በ«ተ» ተጽፋለች። ነገር ግን ሥርዓቱ ግልጽ ነው።

«ፊልጶስ» እና «ኤፌሶን» በ«ፈ» መጻፋቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። በሲሴሮ ዘመን ትንፋሽ ያላት «ፕ» የነበረችው ድምፅ ተርጓሚዎቹ በሰሟት ጊዜ ወደ «ፍ» ተለውጣ ነበር። «ቆጵሮስ» እና «ሶርያ» በ«ኦ» መነበባቸው በአንጻሩ ያቺ ከንፈር የምታሾል አናባቢ ገና «ኢ» እንዳልሆነች ይጠቁማል። ዛሬ ግሪኮች «ኪፕሮስ» እና «ሲሪያ» ይላሉ። መርከቡ የሰጠመበት ባሕር አዋሳኝ የሆነችው ትልቅ ደሴት በግእዝና በአማርኛ «ቀርጤስ» ናት፤ በዛሬው ግሪክኛ «ክሪቲ»። ከላይ የተጠቀሰው ወር ስም ዘመድ የሆነውም የአገር ስም በአማርኛ «ፊንቄ» ነው። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ መነሻዋ አዲሱን፣ መድረሻዋ ደግሞ አሮጌውን የግሪክኛ አነጋገር ይዛለች።

በዚህ ምስክርነት ላይ ግን ገደብ ማበጀት ያስፈልጋል። «ኤልያስ» የሚለው ስም ከዕብራይስጥ የመጣ ስለሆነ «ኤ»ውን ከግሪክኛ ብቻ አገኘ ማለት አይቻልም። «ባስልዮስ» በ«በ» መጻፉም «ቤታ» በዚያን ጊዜ «ብ» ነበረች ለማለት አያበቃም፤ ግእዝ «ቭ» የሚባል ድምፅ ስለሌለው ጸሐፊው ቢሰማትም የሚጽፍበት ሌላ ፊደል አልነበረውም። የታላቁ ንጉሥ ስም የነገሩን ውስብስብነት ያሳያል። በሳንቲሙ ላይ ስሙ በ«ኤታ» ይጀምራል፤ በአክሱም የግሪክኛ ጽሑፍ ላይና ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ከ«አ» በሚነሣ የተለያየ ጥምር አናባቢ ተጽፏል። አናባቢ ምልክት ያለው የግእዝ ጽሑፍ «ዔዛና» ይላል። ዛሬ የሚዘወተረው «ኢዛና» የሚለው አጻጻፍ ሳንቲሙን በዛሬው የግሪክኛ ንባብ ከማንበብ ጋር ይስማማል።

የ19 ዓመቱ ዑደት

በመሣሪያው ጀርባ ያለው ትልቁ ሰሌዳ አምስት ጊዜ የሚጠመዘዝ ሲሆን 235 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል አንድ የጨረቃ ወር ነው። 235 የጨረቃ ወራት ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋር እኩል ለመሆን እጅግ ይቀርባሉ። ይህንን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 እንዳስተዋወቀው ይነገራል። ካሊፖስ የተባለው ሊቅ ደግሞ አራቱን አጣምሮ የ76 ዓመት ዑደት አበጀ፤ ይህም ቁጥር ከ19ኙ ጋር በመሣሪያው ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሷል።

የባሕረ ሐሳብን ትምህርት የቀመሰ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ያውቃቸዋል። ንዑስ ቀመር 19 ዓመት፣ ማእከላዊ ቀመር 76 ዓመት፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። የፀሐይ ዓመት ከ12 የጨረቃ ወራት በ11 ቀን ገደማ ስለሚበልጥ፣ ሊቁ ወንበሩን በ11 አባዝቶ፣ በ30 ገድፎ አበቅቴን ያገኛል። ከሰጠመው መርከብ የወጣው ማሽንና የጾምና የበዓል ቀን የሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የተጠቀሙበት የሰማይ ሒሳብ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። አንደኛው በነሐስ ጥርስ፣ ሁለተኛው በቃል ጥናት ተሸከመው።

በኢትዮጵያ ትውፊት ባሕረ ሐሳብ የተሰጠው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ነው። ይህም የሰፍነግ ለቃሚዎቹ አለቃ ስም ነው፤ ተመራማሪዎች ዛሬ «ዲሚትሪዮስ» እያሉ የሚጠሩት። «አበቅቴ» የሚለው ቃልም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የተጨመሩ ቀናት» ነው። የቃሉ መድረሻ በግሪክኛ አጻጻፍ «አይ» ነው፤ በግእዝ «ኤ» ሆኖ መገኘቱ ቃሉ የደረሰው ይህ ድምፅ ከተለወጠ በኋላ መሆኑን ያሳያል። በመካከሉ ያለችው «ፕ» ወደ «በ» መዞሯም «ፕ» በሌላት በዓረብኛ በኩል ሳይመጣ እንዳልቀረ ይጠቁማል። ስለዚህ አንድ የሒሳብ ቃል እንኳ በየወደቡ ያረፈበትን ዱካ ይዞ ይኖራል።

ትክክለኛው የቱ ነው?

ይህ ጥያቄ በአውሮፓ ጠብ አስነሥቷል። ከኮንስታንቲኖፕል የመጡ የግሪክ መምህራን ያስተማሩት የራሳቸውን ዘመን አነጋገር ነበር። በ1528 ኤራስመስ ጥንታዊው ድምፅ ከዚህ የተለየ እንደነበር የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በ1542 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ስቲቨን ጋርዲነር አዲሱን አነባበብ በዐዋጅ ከለከሉ። በመጨረሻ የኤራስመስ ወገን በምዕራብ ትምህርት ቤቶች አሸነፈ፤ ግሪኮች ግን ሆሜርንም ወንጌልንም እስከ ዛሬ በራሳቸው ሕያው አንደበት ያነባሉ።

የቋንቋ ሳይንስ ከሁለቱ አንዱን «ስሕተት» ብሎ አይጥልም። «ጢሞቴዎስ» የተባለ ልጅ በዋሽንግተን ትምህርት ቤት «ቲሞቲ» ሲባል፣ በአቴና «ቲሞቴኦስ» በሚል ጥሪ በምላስና በጥርስ መካከል በሚወጣ ድምፅ ሲጠራ፣ ስሙ አልተበላሸም። ቤተሰቡ የያዘው አጠራርም አንድ ነገር ጠብቋል፤ በ«ጠ» እና በ«ተ» መካከል ያለውን የድምፅ ልዩነት።

በአንቲኪቴራ ዳርቻ ጥናቱ በየጊዜው ይቀጥላል። በ2016 ጠላቂ አርኪኦሎጂስቶች ከአሸዋው ሥር የአንድ ሰው አፅም ቅሪት አገኙ፤ የወጣት ወንድ ሳይሆን እንዳልቀረም ገመቱ። እውነተኛ ስሙ ስለማይታወቅ ከመርከቡ በወጣ ጽዋ ላይ ተቀርጾ በተገኘ ስም «ፓምፊሎስ» አሉት፤ «የሁሉ ወዳጅ» ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ስሙን በ«ፍ» ይጠሩታል። ያንን ጽዋ የጠጣበት ሰው ግን ስሙን ሲናገር በዚያች ፊደል ላይ ከንፈሩን ገጥሞ ትንፋሹን ያወጣ ነበር።